ከቤት ወጥታ የማታውቅ ፈሪ ድመትን ከደጅ ማለማመድ፦ ለጅማ ነዋሪ የተዘጋጀ መመሪያ

ከልጅነቷ ጀምሮ በአንድ ክፍል ውስጥ ያደገችና የባጃጅ ድምፅ በሰማች ቁጥር አልጋ ሥር የምትገባ ድመት ያለው ሰው፣ ደጅ ሊያስለምዳት ሲያስብ ብዙውን ጊዜ የሚጨነቀው ስለ መውጣቷ ነው፤ በሩን እንዴት እንደሚከፍትላትና እንዴት አባብሎ ደፉን እንደሚያሻግራት ያሰላስላል። በእኔ እምነት ግን ሥራው መጀመር ያለበት ከመመለስ ነው። ፈሪ ድመት የምትጠፋው በደነገጠችበት ቅጽበት ወደ ቤት የሚወስደውን መንገድ ሳታውቀው ስትቀር ነው፤ ያን ጊዜ ያገኘችው ጉድጓድ ውስጥ ትገባለች፣ ያገኘችው ጣሪያ ላይ ትወጣለች፣ ከዚያም ድምፅዋን አጥፍታ ትቀመጣለች። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ የተሠሩት ድመቷ በረገጠችው ስንዝር መሬት ሁሉ ላይ ሆና የቤቷ በር የት እንዳለ እንድታውቅ፣ በሩም ሁልጊዜ ክፍት ሆኖ እንድታገኘው ነው።

ልምምዱ እንደ ድመቷ ጠባይ ከጥቂት ሳምንታት እስከ ብዙ ወራት ሊወስድ ይችላል። አንዷ በሳምንት የምትጨርሰውን ደረጃ ሌላዋ ወር ትቆይበታለች፤ ፍጥነቱን የምትወስነውም ድመቷ እንጂ ባለቤቷ አይደለም።

አስቀድሞ ወደ እንስሳት ሐኪም መውሰድ

ክትባት ያላገኘች ድመት ደጅ መውጣት የለባትም። የእብድ ውሻ በሽታ ከውሻ ወደ ድመት፣ ከድመትም ወደ ሰው የሚተላለፍ፣ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳኛ የሌለው በሽታ ሲሆን፣ ባለቤት አልባ ውሾች በየመንደሩ በሚዞሩበት ከተማ አደጋው የሩቅ አይደለም። ድመት 3 ወር ከሞላት ጀምሮ ልትከተብ ትችላለች፤ ክትባቱ በ1 ዓመቱ ይደገማል፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ ደግሞ እንደ ክትባቱ ዓይነት ሐኪሙ ይወስናል። የመጀመሪያው ክትባት አስተማማኝ መከላከያ እስኪፈጥር ድረስ ወደ 4 ሳምንት የሚጠጋ ጊዜ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ይህም ጊዜ በኋላ ለምናየው የቤት ውስጥ ልምምድ በትክክል የሚበቃ ስለሆነ እንደባከነ አይቆጠርም።

ጅማ በዩኒቨርሲቲዋ የግብርናና የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አማካይነት የእንስሳት ሐኪሞች የሚሠለጥኑባት ከተማ በመሆኗ ባለሙያ ማግኘት አስቸጋሪ አይደለም። ሆኖም ወደ ክሊኒክ የሚመጣው እንስሳ አብዛኛውን ጊዜ ከብት፣ በግ፣ ፈረስና አህያ ስለሆነ፣ ለድመት የሚሆን ክትባት መኖሩን ቀደም ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። በዚያው ቀጠሮ የሆድ ትል መድኃኒት ይስጧት፤ ስለ ማምከንም ይነጋገሩ። ሴት ድመት ገና 4 ወይም 5 ወር ሲሆናት ወንድ መፈለግ ልትጀምር ትችላለች፣ እርግዝናዋም 9 ሳምንት ገደማ ብቻ ነው፤ ያልተኮላሸ ወንድ ደግሞ ሴት ፍለጋ ርቆ ይሄዳል፣ ከሌሎች ወንዶች ጋር ተናክሶም ቆስሎ ይመለሳል። ፈሪ ድመት እንድትርቅ ከሚያደርጓት ነገሮች አንዱን አስቀድሞ ማስወገድ የሚቻለው በዚህ ቀዶ ሕክምና ነው።

ስለ መድኃኒት አንድ ማስጠንቀቂያ መጨመር ይኖርብኛል። ደጅ መውጣት የጀመረች ድመት ቁንጫና መዥገር ይዛ መግባቷ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ለከብት መዥገር የሚረጨውን ዲያዚኖን ወይም ለውሻ የተዘጋጀውንና ፐርሜትሪን ያለበትን መድኃኒት የሚቀባ ሰው ድመቷን ሊገድላት ይችላል። ብትታመምም የሰው መድኃኒት አይስጧት፤ አንድ ፍሬ ፓራሲታሞል እንኳ ለድመት ገዳይ ሊሆን ይችላል።

ግቢውን ተንበርክኮ መመርመር

ቆሞ የሚያይ ሰው ለድመት አደገኛ የሆነውን ነገር ግማሹን አያየውም። ስለዚህ ድመቷ ከመውጣቷ በፊት ጉልበትዎ ላይ ተንበርክከው ከበሩ ጀምሮ እስከ አጥሩ ጥግ ድረስ በዝግታ ይሂዱ፣ ከምድር ስንዝር ከፍ ብሎ ያለውን ቀዳዳ፣ ሽቦና ስባሪ ሁሉ ይመልከቱ።

በመጀመሪያ ውኃ ያለበትን ሁሉ ይክደኑ። የዝናብ ውኃ ለማጠራቀም ከጣሪያው አሸንዳ ሥር የሚቀመጠው በርሜል፣ ጠርዙ ላይ ዘልላ ለወጣች ድመት መውጫ የሌለው ወጥመድ ነው፤ ጎኑ ለስላሳ ስለሆነ ጥፍሯ አይይዝላትም። በርሜሉ ክዳን ከሌለው ሻካራ ጣውላ በሰያፍ ወደ ውስጡ ያስገቡ፤ ብትወድቅ ይህን ይዛ ትወጣለች። የውኃ ጉድጓድና ከቤት ተለይቶ የተሠራ መጸዳጃ ቤትም አፋቸው መከደን አለበት። ከአጥሩ ውጭ ያለው የመንገድ ዳር ቦይም እንዳይረሳ፤ ክረምት ሲሆን በደቂቃዎች ውስጥ ይሞላል።

ሁለተኛው ጉዳይ የአይጥ መርዝ ነው፤ ብዙ ድመቶች ያለቁበት ስለሆነ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። ድመት መርዙን በቀጥታ ባትነካው እንኳ መርዙን የበላችውን አይጥ በመብላት ልትመረዝ ትችላለች፤ የተመረዘች አይጥ ደግሞ ዝግ ብላ ስለምትሄድ ለማደን የማትችለው ድመት ሳትቀር ትይዛታለች። በራስዎ ቤት መርዝ ማኖርን ያቁሙ፤ በግቢው ውስጥ ሌላ ተከራይ ወይም የእህል መጋዘን ካለ መርዝ እንዳለ ይጠይቁ። የተመረዘች ድመት ልትዝል፣ ልታስመልስ፣ ልትንቀጠቀጥ ወይም ከድድዋ ልትደማ ትችላለች። ወተት ማጠጣት የተለመደ ቢሆንም መርዙን አያረክሰውም፤ የሚጠቅማት የመርዙን ማሸጊያ ይዞ በፍጥነት ወደ ሐኪም መድረስ ነው።

ከዚያ የአጥሩን አናት ይመልከቱ። የጠርሙስ ስባሪ የተተከለበት ግንብና ጠርዙ የተቆረጠ ቆርቆሮ መዳፏን ይሰነጥቃሉ። ስባሪውን ማንሣት ባይፈቀድልዎ እንኳ ድመቷ ልትወጣበት የምትችለውን አንዱን ጥግ በጆንያ ወይም በጣውላ መሸፈን ይችላሉ። ከዕፅዋት መካከል ጉሎ ፍሬው መርዛማ ስለሆነ ቢነሣ ይመረጣል። ማንጎና እንሰት ግን ለድመት መልካም ናቸው ለማለት እደፍራለሁ፤ ምክንያቱም የእንሰቱ ሥር ጥላና መሸሸጊያ ይሆናታል፣ ዛፉም ውሻ የማይደርስበት ከፍታ ይሰጣታል።

በጅማ ግቢዎች ዘንድ ደግሞ ልዩ ትኩረት የሚሻ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የተሰጣ ቡና ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቡና ተለቅሞ በየግቢው በሰሌንና በሸራ ላይ ይሰጣል። ለድመት ይህ በፀሐይ የሞቀ፣ ለመቆፈር የሚመች ቦታ ስለሆነ ልትጸዳዳበት ትችላለች፤ የዓመት ልፋቱን እንዲህ የተበላሸበት ጎረቤትም ቢቆጣ አይፈረድበትም። በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ለድመት መርዝ መሆኑም ሌላ ምክንያት ነው። መፍትሔው ከመውጣቷ በፊት የራሷን ቦታ ማዘጋጀት ነው፤ ከቤትዎ በር ብዙ ያልራቀ ጥግ መርጠው መሬቱን አንድ ስንዝር ያህል ቆፍረው አሸዋና ሰጋቱራ ይሙሉበት፣ ከቤት ውስጥ መጸዳጃ ሣጥኗም ሽንቷ የነካውን ጥቂት ሰጋቱራ ይጨምሩበት። ሽታውን ስታገኝ ቦታው የእርሷ መሆኑን ትረዳለች። የቤት ውስጡን ሣጥን ግን አያንሡት፤ ፈሪ ድመት ብዙ ጊዜ ለመጸዳዳት ወደ ቤት ሮጣ ትመለሳለችና ይህም ለእኛ ዓላማ መልካም ነገር ነው። ከቆሻሻዋ ጋር የነካካ ሁሉ እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ በቤት ውስጥ ነፍሰ ጡር ካለች ሣጥኑን ሌላ ሰው ያጽዳ፣ በድመት ዓይነ ምድር የሚተላለፈው ቶክሶፕላዝማ የተባለ ጥገኛ ተሕዋስ ፅንሱን ሊጎዳ ይችላልና።

ጎረቤትንና አከራይን ማነጋገር

ብዙዎቻችን የምንኖረው ሌሎች ቤተሰቦች ባሉበት ግቢ ውስጥ ስለሆነ፣ ድመቷ የምትወጣው ወደ ሌላው ሰው ኑሮ ጭምር ነው። አከራይዋን እትዬ ወይም አዴ ብለው፣ ሽማግሌውን ጋሼ ወይም ኦቦ ብለው በአክብሮት ያነጋግሯቸው፤ ድመት ሊለቁ መሆኑን ብቻ ነግረው አይመለሱ፣ ጫጩት መቼ እንደሚፈለፈልላቸው፣ ሥጋ የት እንደሚሰቅሉ፣ ውሻውን ስንት ሰዓት እንደሚፈቱት ይጠይቁ። ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ እንደሚባለው፣ ጫጩት ባየች ጊዜ ፈሪዋም ድመት አዳኝ ትሆናለች፤ ስለዚህ ጫጩቶች በወጡባቸው ሳምንታት ልምምዱን በኋላ በምናየው የደረት ማሰሪያ ብቻ ማድረግ ወይም ሰዓቱን መቀየር ያስፈልጋል።

የግቢውን ልጆች ያስተምሯቸው። ሦስት ነገር ይበቃቸዋል፤ እንዳያባርሯት፣ እንዳያነሧት፣ ስትሮጥ ካዩ ቆመው ወዴት እንደሄደች እንዲያዩና እንዲነግሩዎት። ይህን ኃላፊነት በደስታ የሚወስድ ልጅ በየግቢው አለ፤ ድመቷ የጠፋች ዕለት ከማንም በላይ የሚረዳዎትም እርሱ ነው።

ባለቤት ያላት መሆኑ እንዲታወቅ አንገቷ ላይ ደማቅ የጨርቅ ክር ማሰር ጥሩ ነው፤ በላዩም ስልክ ቁጥርዎን በማይለቅ ቀለም ይጻፉበት። ክሩ ግን ቅርንጫፍ ላይ ቢያዝ እንዳያንቃት አንዱ ቦታ ላይ ተቆርጦ በአንድ ቀጭን የስፌት ክር ብቻ መያያዝ አለበት፤ ሲጎተት በቀላሉ ይበጠሳል።

መመለስን ማስተማር

ይህ የሥራው እምብርት ነው። ለጥሪ የሚሆን አንድ ድምፅ ይምረጡ፤ ጥቂት የበቆሎ ፍሬ የተጨመረባት ትንሽ ቆርቆሮ መንቀጥቀጧ ከሰው ድምፅ ይልቅ ርቆ ይሰማል፣ በዝናብ መካከልም ይለያል። ከእርሱ ጋር ስሟን ይጥሩ። ሽልማቱ ከዕለት ምግቧ የተለየና የምትወደው መሆን አለበት፤ ከሉካንዳ የሚገዛ ሳምባ ያለ ጨው፣ ያለ ሽንኩርትና ያለ በርበሬ ተቀቅሎ እንደ ሽምብራ ፍሬ ቢቆራረጥ በርካሽ ብዙ ቀን ይበቃል። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ደም የሚጎዱ በመሆናቸው የወጥ ትራፊ ሽልማት ሊሆን አይችልም።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ድመቷ አጠገብዎ እያለች ቆርቆሮውን ነቅንቀው ወዲያውኑ ቁራሹን ይስጧት። ድምፁን በሰማች ቁጥር ቀና ማለት ስትጀምር ከሌላ ክፍል ሆነው ይጥሯት፤ ቀጥሎ ተኝታ ሳለ፣ ከዚያ ራዲዮ ተከፍቶ፣ ከዚያም ዝናብ የጣሪያውን ቆርቆሮ ሲመታ ይሞክሩት። የዕለት ምግቧንም በዚያው ድምፅ ይስጧት። የመጨረሻው ፈተና እንግዳ ቤት ውስጥ ሲገባ ነው፤ ድምፁን ሰምታ ከአልጋ ሥር ከወጣች ለደጅ ተዘጋጅታለች፤ ካልወጣች ግን አልተዘጋጀችምና ወደ ቀደመው ልምምድ ይመለሱ።

በዚህ ረገድ አንድ ሕግ ፈጽሞ መጣስ የለበትም። መድኃኒት ለማጠጣት፣ ለማጠብ ወይም ወደ ሐኪም ለመውሰድ ሲፈልጉ በዚያ ድምፅ አይጥሯት፤ ሄደው ያምጧት እንጂ። ድምፁ አንድ ጊዜ ከሚያስፈራት ነገር ጋር ከተያያዘ፣ ያ እምነት ተመልሶ እስኪገነባ ብዙ ጊዜ ይወስዳል፤ እርስዎ ደግሞ በሚያስፈልግዎት ቀን ሊያምኑት የሚገባው ይህንኑ ድምፅ ነው።

ደፉ ላይ መቆየት

ድመቷን አቅፎ ወደ ደጅ ማውጣት ብዙ ሰው የሚመርጠው አጭር መንገድ ነው፤ እኔ ግን አጥብቄ እቃወመዋለሁ። ድመት ስትራመድ በመዳፏ፣ ስትታከክም በጉንጯ ሽታዋን ትታ ትሄዳለች፣ በዚያም ሽታ ተመርታ ትመለሳለች፤ ታቅፋ የወጣች ድመት ግን ወደ ኋላዋ ምንም ምልክት የላትም። ከዚህም በላይ ስትደነግጥ እጅዎን ቧጥራ የምትዘለው ወደማታውቀው አቅጣጫ ነው።

ስለዚህ ጸጥ ያለ ሰዓት መርጠው በሩን ሁለት ስንዝር ያህል ከፍተው በማይንቀሳቀስ ነገር ያስደግፉት፤ ነፋስ ጀርባዋ ላይ ቢዘጋባት የሳምንታት ልፋት በአንድ ጊዜ ይፈርሳል። እርስዎ ከበሩ ራቅ ብለው ውስጥ በርጩማ ላይ ይቀመጡ፣ ፊትዎን ወደ እርሷ አያዙሩ፣ አይጥሯትም። ቀደም ብለው ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ጉንጯ ላይ በለስላሳው አሽተው በሩ መቃን ላይ ከምድር አንድ ስንዝር ከፍታ ላይ ቢጠርጉበት የራሷን ሽታ ደፉ ላይ ታገኛለች። ዝናብ ስለሚያጥበው ከዝናብ በኋላ ይድገሙት።

ከበሩ ውጭ በአንድ እርምጃ ርቀት ላይ ደግሞ ካርቶን በጎኑ አጋድመው የምትተኛበትን ጨርቅ ያስገቡበት፤ አፉ ወደ ቤቱ በር ይሁን። ይህ ካርቶን የመጀመሪያዋ መጠጊያ ነው። አንዳንድ ድመት ለቀናት ከውስጥ ሆና ብቻ ታያለች፣ ታሸታለች፣ ጆሮዋን ታዞራለች፤ ይህ ራሱ ሥራ መሆኑን ይገንዘቡ። ሲወጡና ሲገቡ ደፉ ላይ የሚያልፉ ሰዎች ካሉ ለዚያች ግማሽ ሰዓት በሌላ በር እንዲያልፉ ወይም እንዲታገሡ ይለምኗቸው።

ፍርሃቷን ለመለካት ጥሩው መሣሪያ ምግብ ነው። ደፉ ላይ ያስቀመጡትን ሳምባ ከበላች ፍርሃቷ ልትሸከመው የምትችለው ነው፤ የምትወደውን ነገር አሽታ ከተወችው ግን ከአቅሟ በላይ ሆኗልና የዚያን ዕለት ያቁሙ። ጆሮዋ ወደ ጎንና ወደ ኋላ ሲተኛ፣ የዓይኗ ጥቁር በቀን ብርሃን ሲሰፋ፣ ሆዷን መሬት ላይ ለጥፋ ጭራዋን ወደ ሥሯ ስትሰበስብ ፈርታለች። ጭራዋን ወደ ላይ አቁማ ስትራመድ ወይም እያየችዎት ዓይኗን በዝግታ ስትከድን ተረጋግታለች።

ሁለት እርምጃ ወጥታ ድንገት ዞራ ወደ ቤት ብትሮጥ ብዙዎች ልምምዱ ከሸፈ ብለው ያዝናሉ። እኔ የማየው በተቃራኒው ነው፤ ደንግጣ መሸሽ ባስፈለጋት ጊዜ የመረጠችው የቤቷን በር ነውና የምንፈልገው ነገር ሆኗል። በዚያን ጊዜ ዝም ብለው ይቀመጡ፣ በሩን አይዝጉ፣ ተመልሳ ልትወጣ ከፈለገች ትውጣ።

የደረት ማሰሪያ

ግቢው አጥር ከሌለው ወይም በር ላይ የመኪና መንገድ ካለ ማሰሪያ ያስፈልጋል። አንገት ላይ የሚታሰር ገመድ ሊያንቃት ስለሚችል፣ አንደኛው ቀለበት በአንገቷ፣ ሁለተኛው ከፊት እግሮቿ ኋላ በደረቷ ዙሪያ ሆኖ በጀርባዋ ላይ የሚገናኝ ማሰሪያ ያሰፉላት፤ ልብስ ሰፊ በለስላሳ ጥጥ በቀላሉ ይሠራዋል። በማሰሪያውና በሰውነቷ መካከል ሁለት ጣት ብቻ የሚገባ መሆን አለበት። ቤት ውስጥ ከምግቧ ሰዓት ጋር አያይዘው ለጥቂት ደቂቃ ያስለምዷት፤ መጀመሪያ ተጋድማ እንደ ሽባ ብትሆን አይደንግጡ፣ ትለምደዋለች።

የደነገጠች ድመት ወደ ኋላ እያፈገፈገች ከጥሩ ማሰሪያ እንኳ ልትወጣ እንደምትችል ግን ይወቁ። ገመዱን ግንድ ላይ አስሮ መሄድ ደግሞ በፍጹም አይገባም፤ ውሻ ቢመጣ መሸሽ አትችልም፣ ዛፍ ላይ ብትወጣም ልትንጠለጠል ትችላለች።

የመጀመሪያዎቹ መውጣቶች

ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ያለው ጊዜ በአብዛኛው ይመቻል፤ ልጆች ትምህርት ቤት ናቸው፣ ውሾች ታስረዋል፣ የከሰዓቱ ዝናብም ገና ነው። ቁርሷን ሳይሰጧት በፊት ያውጧት፣ የተራበች ድመት ጥሪ ትሰማለችና። እርስዎ ከበሩ ውጭ ሁለት ሦስት እርምጃ ርቀው ይቀመጡ፤ ነገር ግን በእርሷና በበሩ መካከል ፈጽሞ አይሁኑ። ይህን አቀማመጥ አጥብቀው ይጠብቁ፤ ምክንያቱም የፈራች ድመት በሰው አጠገብ አልፋ መግባት ስለማትደፍር ወደ አጥሩ ትሮጣለች።

5 ደቂቃ ለመጀመሪያ ጊዜ በቂ ነው። ገና ተረጋግታ እያለች ቆርቆሮውን ነቅንቀው ወደ ውስጥ ይጥሯትና ቁርሷን ቤት ውስጥ ይስጧት። እስክትፈራ ጠብቆ ማስገባት ደጅን ከፍርሃት ጋር ያያይዝባታል። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ይድገሙት፤ ሦስት ተከታታይ ቀናት ተጠርታ ያለ ማመንታት ከገባች ካርቶኑን አንድ እርምጃ ወደ ውጭ ያርቁት። አዲስ የግቢ ክፍል የምታየው የቀድሞውን ስትለምድ ብቻ ነው። በእርስዎ ፊት ግቢውን ዞራ ስትመለስ ካዩ በኋላ፣ በመስኮት እያዩ ለጥቂት ደቂቃ ብቻዋን ሊተዋት ይችላሉ።

በተጨማሪም ከፍ ያለ መጠጊያ ያዘጋጁላት፤ ወደ በረንዳው ጣሪያ የተደገፈ ሻካራ ግንድ ወይም ከሰው ቁመት በላይ የተመታ መደርደሪያ ይበቃል።

የግቢው ውሻ

በጅማ እንደ ሌላውም ከተማ ብዙ የግቢ ውሻ ቀን ታስሮ ማታ ይፈታል። ስለዚህ ትውውቁ ቀን፣ ውሻው ታስሮ፣ ባለቤቱ አጠገቡ ቆሞ ይደረጋል። መጀመሪያ ድመቷ ከመስኮት ሆና ትየው፤ ቀጥሎ ውሻው የተኛበትን ጨርቅ ቤት ውስጥ አስገብተው ታሽትተው፣ በላዩም ሳምባ ይስጧት። ፊት ለፊት ለማገናኘት አይቸኩሉ። አንድ ቤት ውስጥ አብረው የሚኖሩ ውሻና ድመት ብዙ ናቸው፤ ነገር ግን ድመት ሲሮጥ አይቶ የሚያሳድድ ውሻ ያለበት ግቢ ከሆነና ባለቤቱ ሊያስረው ካልፈቀደ፣ ድመቷን አለማውጣት ነው የሚሻለው።

በውሻ ወይም በሌላ ድመት ከተነከሰች ወደ ሐኪም ይውሰዷት፤ የድመት ንክሻ ከላይ ትንሽ ቢመስልም ውስጡ ይመግላል። እርስዎን ከነከሰችዎ ወይም ከቧጠጠችዎ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ለ15 ደቂቃ ታጥበው በዚያው ዕለት ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።

ሰዓትና ወቅት

የእራት ሰዓቷን ከቀኑ 11 ሰዓት ያድርጉትና ከዚያ በኋላ በሩ ይዘጋ። ሲመሽ ውሾች ይፈታሉ፣ ጅብም ወደ ከተማው ጠርዝና ወደ ወንዝ ዳር ሰፈሮች ይዘልቃል፤ በአዌቱ ዳርና ወደ ጅረን በሚወስደው ወገን የሚኖሩ ይህን ያውቁታል። ምሽት ላይ የምትራብ ድመት ሳትጠራ ትመጣለች። በጾም ወራት ሥጋ የማይሠራበት ቤት ከሆነ ለድመቷ ግን ሳምባዋን አያቋርጡባት፤ ሰውነቷ ያለ ሥጋ መኖር አይችልም፣ በቤቷ ካላገኘችም የጎረቤት ማዕድ ቤት ትገባለች፣ የምትመታውም እዚያ ነው።

ልምምዱን ለመጀመር ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ደረቅ ጊዜ ይመረጣል፤ የተሰጣው ቡና ላይ መጠንቀቅ ብቻ ነው። የጅማ ዝናብ ረጅም ነው፤ ነጎድጓድና በረዶ በቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የተማረችውን ያስረሳታል። ከነጎድጓድ በኋላ ባሉት ቀናት አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ተመልሰው ደፉ ላይ ያቆይዋት። ድንኳን ተጥሎ ድምፅ ማጉያ በሚጮኽበት የሠርግ ሰሞን፣ በደመራና በጥምቀት ዋዜማ፣ እንዲሁም በአረፋ ዕለት የዕርድ ሽታ ውሾችን በሚሰበስብበት ጊዜ ቤት ትዋል።

አምልጣ ከጠፋች

አያሳድዷት፤ ሩጫዎ ይበልጥ ያርቃታል። በሩን ከፍተው የምትተኛበትን ጨርቅ በረንዳ ላይ ያስቀምጡና ዝም ብለው ጥቂት ይጠብቁ። ቤት ውስጥ ያደገች ድመት ስትደነግጥ ብዙውን ጊዜ ርቃ አትሄድም፤ ከበሩ በጥቂት ሜትሮች ውስጥ የማገዶ ክምር ኋላ፣ ኮርኒስ ውስጥ፣ በእንሰት ቅጠል መካከል ወይም ጎረቤት ባቆመው መኪና ሥር ትሸሸጋለች፣ ስሟንም እየሰማች አትመልስም። ስለዚህ የመጀመሪያው ፍለጋ ቅርብና ዝቅ ያለ ይሁን። ሲመሽ ሰው ሲቀንስ በባትሪ ቢፈልጓት ዓይኗ ያበራል። ሲያገኟት ወደ እርሷ አይሂዱ፤ ጎንዎን ሰጥተው ተቀምጠው ቆርቆሮውን በቀስታ ይነቅንቁ፣ ሳምባውን ከእርሷ ወደ በሩ በሚወስደው አቅጣጫ ጣል ጣል ያድርጉ። ዛፍ ላይ ከሆነች መውረድ ከመውጣት ይልቅ ስለሚከብዳት መሰላል አስደግፈው ሽታ ያለው ምግብ ከሥሩ አኑረው ሰዉን ያርቁ። ለዘበኞች፣ ለሱቅ ባለቤቶችና ለዚያ ኃላፊነት ለሰጡት የግቢ ልጅ በዚያው ምሽት ይንገሩ፤ መኪና ያላቸው ጎረቤቶችም ጠዋት ሞተር ከማስነሣታቸው በፊት ኮፈኑን መታ መታ እንዲያደርጉ ይለምኗቸው።

መቼ መተው እንደሚገባ

አንዳንዷ ድመት ከወራት ትዕግሥት በኋላም ደፉን ስታይ ትንቀጠቀጣለች፣ ምግብ ትተዋለች፣ ወይም ቤት ውስጥ ከሣጥኗ ውጭ መሽናት ትጀምራለች። ይህች ድመት ደጅ አትፈልግም፤ አይበድሏት። ላረጁ፣ ለታመሙና ማየት ለተሳናቸውም ይኸው ይሠራል። ለእነርሱ የሚሻለው በረንዳውን ወይም አንድ መስኮት በዶሮ ቤት ሽቦ ማጠር ነው፤ ሽቦውን በእንጨት ክፈፍ ላይ ወጥረው በምስማር ይምቱት፣ ከላይም ይሸፍኑት፣ ጠርዙ ሹል እንዳይሆን ወደ ውስጥ ያጥፉት፣ በውስጡ በሁለት የተለያየ ከፍታ ጣውላ ይምቱላት፣ ወደ ቤት የሚያስገባውንም በር ወይም መስኮት ቀኑን ሙሉ ክፍት ያድርጉት።